ቃልዓት አል-ባሕሬን

ቃልዓት አል-ባሕሬን (በአረብኛ «የባሕሬን ምሽግ» ማለት ነው) በባሕሬን ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከዋና ከተማዋ ከማናማ በስተምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የጥንታዊ ወደብ ከተማ ፍርስራሽና የባሕር ዳር ምሽግ ነው። ከሩቅ የሚታየው ትልቁ የድንጋይ ምሽግ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ሲሆን፣ የቆመበት ኮረብታ ግን ከ2300 ዓክልበ. ገደማ ጀምሮ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ሲኖሩበት የተከማቸ ነው። የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ስፍራው የጥንቱ የድልሙን መንግሥት ዋና ከተማ እንደ ነበር ያምናሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግቧል፤ ከባሕሬንም የመጀመሪያው ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ባሕሬን» በአረብኛ «ሁለቱ ባሕሮች» ማለት ነው፤ ቃሉ ከአማርኛው «ባሕር» ጋር አንድ ሥር አለው። ሁለተኛው ባሕር የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚሰጠው መልስ ከጨው ባሕሩ ወለል ሥር ሳይቀር ይፈልቅ የነበረው ጣፋጭ ውኃ ነው የሚል ነው። ደሴቲቱ በምንጮቿ የታወቀች ስለ ነበረች መልሱ ከስፍራው ተፈጥሮ ጋር ይስማማል፤ በዚህ በረሃማ ጠረፍ ከተማ ሊቆም የቻለውም በዚሁ ውኃ ነው።

ምሽጉ በሕዝብ ዘንድና በቆዩ መጻሕፍት «የፖርቱጋል ምሽግ» እየተባለ ይጠራል። ይህ ስም አሳሳች ነው። ፖርቱጋሎች በስፍራው ላይ የነበራቸው ቁጥጥር ከአንድ ክፍለ ዘመን ያነሰ ሲሆን፣ ምሽጉንም ከባዶ መሬት አልሠሩትም፤ ያገኙትን አጠናከሩት እንጂ። የኮረብታው ዕድሜ ከእነርሱ ዘመን ጋር ሲነጻጸር ከአርባ እጥፍ በላይ ነው።

ኮረብታው

ከሩቅ የሚያይ ሰው ምሽጉ የተፈጥሮ ኮረብታ ተመርጦለት የተሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን የባሕሬን ሰሜናዊ ጠረፍ ሜዳ ነው፤ ኮረብታውን የሠራው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ጉብታ በመካከለኛው ምሥራቅ «ተል» ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቤት ሲያረጅ ወይም ሲቃጠል ፍርስራሹ እዚያው ይደለደልና በላዩ ሌላ ቤት ይሠራል፤ የምድጃ አመድ፣ የተሰበረ ሸክላ፣ የዓሣ አጥንት፣ የቴምር ፍሬ፣ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ሁሉ በየዓመቱ ይጨመራል። በሺህ ዓመታት ውስጥ መሬቱ ሳያስታውቅ ከፍ ይላል።

የቃልዓት አል-ባሕሬን ተል 300 ሜትር በ600 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከፍታውም ወደ 12 ሜትር ይደርሳል። እስካሁን የተቆፈረው ከሩብ አይበልጥም። ከላይ ያለው ንብርብር የቅርቡ፣ ከታች ያለው የጥንቱ ስለሆነ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳ ከታች ወደ ላይ እንደሚነበብ ገጽ ነው። በአንድ ቦታ መኖሪያ ቤት የነበረው በሌላ ዘመን መጋዘን፣ ቀጥሎም መቃብር ሆኖ ይገኛል።

የቁፋሮ ታሪክ

ስፍራውን ለዓለም ያሳወቀው ከዴንማርክ የመጣ የቁፋሮ ቡድን ነው። መሪዎቹ ፒ. ቪ. ግሎብ የተባለው ዴንማርካዊ ሊቅና እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቢቢ ነበሩ። ቢቢ ከዚያ በፊት በነዳጅ ኩባንያ ተቀጥሮ በባሕሬን ኖሮ ስለ ነበር ደሴቲቱን ያውቃት ነበር። በ1953 ወደ ባሕሬን የመጡት አንድ እንቆቅልሽ ለመፍታት ነው። በደሴቲቱ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታውያን የመቃብር ጉብታዎች ነበሩ፤ እነዚያን ሁሉ ሰዎች የቀበረው ከተማ ግን አልታወቀም ነበር። አንዳንድ ቀደምት ጸሐፊዎች ደሴቲቱ መኖሪያ ያልነበራት፣ ከየብስ ሬሳ እየተጫነ የሚቀበርባት የሙታን ደሴት ናት እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ቡድኑ በ1954 በምሽጉ ዙሪያ ያለውን ጉብታ መቆፈር ሲጀምር የተፈለገው ከተማ ተገኘ። መኖሪያ ቤቶች፣ መንገዶች፣ የከተማ ቅጥርና የወደብ ንግድ ምልክቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ወጡ። ሙታኑ ከሩቅ አገር አልመጡም፤ ኖረው የሞቱት እዚያው ነበር። ዴንማርኮቹ ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ «ከተማ አንድ»፣ «ከተማ ሁለት» እያሉ እስከ ስድስት ቆጠሯቸው፤ ይህ አቆጣጠር ከማሻሻያ ጋር ዛሬም ይሠራበታል። ከገንዘብ ረጂዎቻቸው መካከል የባሕሬን ገዢና በቢራ ፋብሪካው ስም የሚታወቀው የዴንማርክ የካርልስበርግ ድርጅት ይገኙበታል። ቢቢ የፍለጋውን ታሪክ በ1969 በታተመ መጽሐፉ ለሰፊው አንባቢ አቅርቦታል። ግሎብ በበኩሉ በሰሜን አውሮፓ ረግረጋማ መሬት ውስጥ ሳይበሰብሱ በተገኙ ጥንታውያን ሬሳዎች ላይ ባደረገው ጥናት ይበልጥ ይታወሳል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቁፋሮውን ቀጠሉ፤ በመጀመሪያ በሞኒክ ኬርቭራን፣ በኋላም በፒየር ሎምባር መሪነት። የባሕሬን መንግሥት የቅርስ ክፍልም በሥራው ተሳታፊ ነው።

ድልሙን

ድልሙን የሚለው ስም ከቁፋሮው በፊት ከሱመርና ከባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ይታወቅ ነበር። የላጋሽ ንጉሥ ኡር-ናንሼ በ2500 ዓክልበ. ገደማ የድልሙን መርከቦች እንጨት እንዳመጡለት አስጽፏል። የአካዱ ታላቁ ሳርጎን ደግሞ የመሉሓ፣ የማጋንና የድልሙን መርከቦች በከተማው ወደብ እንደ ቆሙ ይመካል። መሉሓ የኢንደስ ሸለቆ አገር፣ ማጋን የዛሬዋ ዖማን አካባቢ እንደ ሆኑ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አለው። ድልሙን በሁለቱና በሜሶጶጣሚያ መካከል ነበረች። በጥንቱ ዘመን ስሙ የምሥራቅ ዓረቢያን ጠረፍ ያመለክት እንደ ነበርና፣ ማዕከሉ ወደ ባሕሬን ደሴት የተዛወረው ከ2200 ዓክልበ. ገደማ ወዲህ እንደ ሆነ ይታሰባል።

በሱመር አፈ ታሪክ ድልሙን ተራ አገር አይደለችም። በእንኪና በኒንሁርሳግ ታሪክ ውስጥ ንጹሕ፣ በሽታና እርጅና የማይታወቁባት ምድር ናት፤ መጀመሪያ ውኃ አልነበራትም፣ እንኪ የተባለው አምላክ ጣፋጭ ውኃ ከምድር አፈለቀላት። ከጥፋት ውኃ የተረፈው ዚውሱድራም የዘላለም ሕይወት ተሰጥቶት እንዲኖርባት የተደረገው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የጉዞ ጽሑፎች ባሕሬንን «የዔደን ገነት» ይሏታል። አባባሉ ለቱሪስት ይስማማ ይሆናል እንጂ ቁፋሮው ያረጋገጠው ነገር አይደለም። ቁፋሮው ያሳየው የነጋዴ ከተማ ነው።

ስለ ንግዱ የሚናገሩት ዕቃዎች ትንንሽ ናቸው። ከሁሉ የታወቁት የድልሙን ክብ ማኅተሞች ናቸው። ከለስላሳ ድንጋይ ተቀርጸው በገጻቸው ላይ ሚዳቋ፣ በሬ፣ ጨረቃ፣ ከማሰሮ በቀሰም የሚጠጡ ሰዎች የመሳሰሉ ሥዕሎች አሉባቸው። ነጋዴው ዕቃውን አስሮ በላዩ ጭቃ ይለጥፍና በማኅተሙ ይጫነዋል፤ ጭቃው ከተሰበረ ዕቃው እንደ ተነካ ይታወቃል። የሜሶጶጣሚያ ሰዎች በዚያ ዘመን የሚጠቀሙት እንደ በርሜል የሚንከባለል ማኅተም ስለ ነበር፣ ክቡ ማኅተም በዑር ከተማም ሆነ በሩቅ ሲገኝ ከባሕረ ሰላጤው መምጣቱ ይታወቃል።

ሌላው ማስረጃ መመዘኛ ነው። በስፍራው የተገኙት የድንጋይ መመዘኛዎች ከሜሶጶጣሚያ ሚዛን ጋር ሳይሆን ከኢንደስ ሸለቆ ከተሞች ሚዛን ጋር ይስማማሉ። በሌላ በኩል በሶርያ በምትገኘው በኤብላ የተገኙ የ24ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. ጽላቶች «የድልሙን ሰቅል» የሚባል የክብደት መለኪያ ይጠቅሳሉ። የዑር ነጋዴዎችም «በድልሙን ሚዛን» ብለው ጽፈዋል። ሚዛን የሚስማማው የሚገበያዩ ሰዎች ሲተማመኑ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ለዓይን የማይማርኩ ድንጋዮች የድልሙን ንግድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ እንደ ነበር ከማንኛውም ሐውልት ይልቅ ይናገራሉ።

ዋናው ሸቀጥ ከማጋን የሚመጣው መዳብ ነበር። ከድልሙን ጋር ከሚነግዱት የዑር ሰዎች አንዱ ኤያ-ናሲር ይባላል። በ1750 ዓክልበ. ገደማ ናኒ የተባለ ደንበኛው ጥራት የሌለው መዳብ ሰጠኸኝ፣ መልእክተኛዬንም አዋረድክብኝ ብሎ በሸክላ ጽላት የላከለት የክስ ደብዳቤ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ደብዳቤው በዘመናችን በኢንተርኔት ቀልድ ሆኗል፤ ያ መዳብ ግን ይተላለፍበት የነበረው የንግድ መስመር ማዕከል ይህ ኮረብታ ነው።

በዚህ ዘመን ከተማው በድንጋይ ቅጥር ተከብቦ ነበር። ከ1700 ዓክልበ. በኋላ ንግዱ ተዳከመ፤ የኢንደስ ከተሞች መፈራረስና በደቡብ ሜሶጶጣሚያ የደረሰው ውድቀት ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ።

ከካሣውያን እስከ እስክንድር

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. ገደማ ባቢሎንን የሚገዙት ካሣውያን ደሴቲቱን ያዙ። ከቀድሞው ዘመን የቀረውን ትልቅ ሕንፃ አድሰው ለአስተዳደርና ለመጋዘን ተጠቀሙበት፤ የፈረንሳይ ቡድን በዚህ ሕንፃ ውስጥ የኩኔይፎርም ጽላቶች አግኝቷል። በሕንፃው ከተገኙት ነገሮች መካከል «መድበሳ» የሚባሉት ክፍሎች ይገኙበታል። የመድበሳ ወለል እንደ ማሳ ቦይ የተቦረቦረ ነው። ቴምር የሞላ ከረጢት በላዩ ይከመራል፤ በገዛ ክብደቱ እየተጨመቀ የሚወጣው ማር መሰል ፈሳሽ በቦዮቹ ወርዶ በማሰሮ ይጠራቀማል። አረቦች ይህን ፈሳሽ ዲብስ ይሉታል። በቃልዓት አል-ባሕሬን የተገኙት ከሚታወቁት መድበሳዎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። በመካከለኛው ዘመንም በዚያው ጠረፍ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ ነበር።

ቴምር ምን ያህል የከበረ እንደ ነበር ሌላ ማስረጃ አለ። በኒፑር ከተማ በተገኙ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. ደብዳቤዎች፣ ኢሊ-ኢፓሽራ የተባለ በድልሙን ያለ የካሣውያን ሹም፣ አሕላሙ የሚባሉ ዘላኖች ቴምሩን እንደ ወሰዱበትና ሊከላከላቸው እንዳልቻለ ለበላዩ ያመለክታል። የግዛቱ ዳርቻ ላይ ብቻውን የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ሮሮ ነው።

ከዚህ በኋላ ድልሙን በአሦር ነገሥታት መዛግብት ብቅ ትላለች። ዳግማዊ ሳርጎን በ8ኛው ክፍለ ዘመን ዓክልበ. መጨረሻ ግብር ከላኩለት መካከል ኡፔሪ የተባለውን የድልሙን ንጉሥ ጠቅሶ፣ በባሕር መካከል እንደ ዓሣ የሚኖር አድርጎ ይገልጸዋል። በተሉ መካከል የሚታየው ግንበ ሰፊ ሕንፃ በዚህ ንጉሥ ስም «የኡፔሪ ቤተ መንግሥት» ይባላል፤ ኡፔሪ በዚያ ቤት መኖሩ ግን በጽሑፍ የተረጋገጠ አይደለም፣ ስያሜው የአስጎብኚዎችና የተመራማሪዎች ልማድ ነው።

በዚህ ሕንፃ ወለል ሥር ዴንማርኮቹ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። በጥንቃቄ የተቀበሩ፣ ክዳን ያላቸው የሸክላ ጎድጓዳ ሳህኖች ውስጥ የእባብ አጥንት ነበር፤ በአንዳንዶቹም ከእባቡ ጋር ትንሽ ዶቃ ወይም ሉል ተቀምጧል። ቢቢ ይህን ከጊልጋመሽ ታሪክ ጋር አገናኘው። በታሪኩ ጀግናው ከባሕር ወለል ያወጣውን የወጣትነት ተክል እባብ ይሰርቀዋል፤ እባብም ቆዳውን እየቀየረ የሚታደሰው በዚህ ነው። ከባሕር ወለል የሚወጣው ተክል ደግሞ በባሕሬን ጠላቂዎች ከሚያወጡት ሉል ጋር ይመሳሰላል። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ይሁን እንጂ ከሳህኖቹ ጋር ጽሑፍ አልተገኘም፤ ከቤት ጥበቃ ጋር የተያያዘ መሥዋዕት መሆናቸው ይበቃል ብሎ መቆም የበለጠ ጥንቃቄ ያለው ንባብ ነው።

ከታላቁ እስክንድር ዘመን በኋላ ግሪኮች ደሴቲቱን ቲሎስ ብለው ጠሯት። እስክንድር የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ እንዲያስሱ ከላካቸው መርከበኞች አንዱ የታሶሱ አንድሮስቴኔስ ወደዚህ ደርሷል፤ የዕፀዋት ሊቁ ቴዎፍራስጦስም ስለ ቲሎስ ጥጥና በባሕር ውስጥ ስለሚበቅሉ ዛፎቿ ጽፏል። በተሉ ውስጥ የእስክንድርን ሳንቲም የሚመስሉ የብር ሳንቲሞች የተሞሉበት ማሰሮ ተቀብሮ ተገኝቷል። የደበቀው ሰው አልተመለሰም።

ምሽጎቹ

በስፍራው ያለው ምሽግ አንድ ብቻ አይደለም። ከባሕሩ አጠገብ፣ ከትልቁ ምሽግ በስተሰሜን፣ ጎኑ 50 ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን የጠረፍ ምሽግ መሠረት ይታያል። በማዕዘኖቹ ላይ ክብ ግንቦች አሉት። መጀመሪያ የተሠራው ከእስልምና በፊት፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ታድሶ የንግድ መጋዘን ሆኗል። በውስጡ የተገኘው የቻይና ሸክላ በዚያ ዘመን የባሕር ንግዱ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ያሳያል።

ትልቁ ምሽግ የተጀመረው ባሕሬን በሆርሙዝ መሳፍንት ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ ነው። ሆርሙዝ በባሕረ ሰላጤው መግቢያ ላይ ያለች የንግድ ደሴት ስትሆን ሀብቷ የሚመጣው ከቀረጥ ነበር፤ ባሕሬን ደግሞ ሉል ነበራት። ግንበኞቹ ድንጋይ ለማግኘት ሩቅ አልሄዱም። ከእግራቸው ሥር ያሉትን የጥንት ሕንፃዎች እያፈረሱ ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ በምሽጉ ግድግዳ ላይ ካሉት ድንጋዮች ጥቂት የማይባሉት ከምሽጉ በሺህ ዓመታት የሚበልጡ ናቸው። ዙሪያውን የተቆፈረው ጥልቅ ቦይም ንብርብሮቹን ቆራርጦ አልፏል። ምሽጉ የተሉ ዘውድ እንደ ሆነ ሁሉ የተሉ ትልቁ ጉዳትም ነው።

ፖርቱጋሎች በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው

የምሽጉ የመጨረሻ ዘመን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በአንድ ሰው በኩል ይገናኛል። በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ወደብ የደረሰውና የሮድሪጎ ደ ሊማን መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የላከው የፖርቱጋል መርከብ ጦር አዛዥ ዲዮጎ ሎፔስ ደ ሴኬራ ነበር። መልእክተኞቹን የተከተለው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍ የታወቀ ነው። ይኸው ሴኬራ በ1521 አንቶኒዮ ኮሬያን ባሕሬንን እንዲይዝ ላከ። በዚያን ጊዜ ደሴቲቱን የያዙት ጀብሪዎች የሚባሉ የምሥራቅ ዓረቢያ ገዢዎች ነበሩ፤ ለሆርሙዝ ግብር መክፈል አቁመው ስለ ነበር ሆርሙዝና ፖርቱጋሎች በአንድነት ዘመቱባቸው። ንጉሡ ሙቅሪን ቆስሎ ሞተ፤ ራሱም ተቆርጦ ለምልክት ተወሰደ። ኮሬያ ከዚያ በኋላ ለስሙ «ባሕሬን» የሚል ቅጥያ ጨመረ፣ የንጉሡን ራስም በቤተሰቡ ዓርማ ላይ አስቀረጸ።

አንዱ አዛዥ በአንድ ዓመት ልዩነት በምጽዋ የወዳጅነት መልእክት፣ በባሕሬን ዘመቻ መላኩ እንደ ቅራኔ ሊታይ ይችላል። ለፖርቱጋሎች ግን ሁለቱም የአንድ ዕቅድ ክፍሎች ነበሩ፦ ከሕንድ ወደ ግብፅና ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄደውን ንግድ በሁለቱ ጠባብ ባሕሮች በኩል መዝጋት።

ቁጥጥሩ ቀላል አልነበረም። በ1529 የባሕሬን ሹም ባመፀ ጊዜ ሲማኦ ዳ ኩኛ ምሽጉን ለማስመለስ መጣ። ጥቂት ቀን ከደበደበው በኋላ ባሩድ አለቀበት፤ ተጨማሪ ሲጠብቅ ወታደሮቹ በንዳድ ረገፉ፣ እርሱም ሞተ። በ1559 ደግሞ ኦቶማኖች ምሽጉን ከብበው ሳይሳካላቸው ቀረ። ኦቶማኖች ምጽዋን የያዙት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1557 ስለ ሆነ፣ ይህ ከበባ የኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት በቀይ ባሕር በኩል የሚተርኩት ፉክክር ሌላው ጫፍ ነው። ከበባው የቀድሞው ግንብ ለመድፍ እንደማይበቃ አሳየ፤ በ1561 በማዕዘኖቹ ላይ ሹል ጫፍ ያላቸው፣ መድፍ የሚጠመድባቸው ሰፋፊ ግንቦች ተጨመሩ። ጎብኚ ዛሬ በፎቶግራፍ የሚያስቀራቸው እነዚህ ናቸው፤ የጫፋቸው ቅርጽ አንዱ ግንብ የሌላውን እግር ሥር በጥይት እንዲሸፍን የተሰላ ነው። በ1602 የፋርሱ ሻህ አባስ ሰዎች ባሕሬንን ሲይዙ የፖርቱጋሎች ዘመን አበቃ፤ ምሽጉም ቀስ በቀስ ጥቅም አጥቶ ተተወ።

ጉብኝት

ወደ ስፍራው ለመድረስ ከማናማ በመኪና ወይም በታክሲ አጭር ጉዞ ይበቃል፤ መንገዱ በቀርባባድ መንደርና በቴምር ዛፎች መካከል ያልፋል። የቴምሩ እርሻ ራሱ የቅርሱ አካል ተደርጎ ይቆጠራል፤ ከተማዋን ይመግብ የነበረው የውኃና የአትክልት ሥርዓት ቅሪት ነውና።

አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ ትልቁ ምሽግ ወጥቶ፣ ግንቡ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ከስፍራው የበለጠ ለማግኘት ግን ቅደም ተከተሉን ማዞር ይሻላል፦ መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ቀጥሎ ጉድጓዶቹ፣ በመጨረሻ ምሽጉ። በ2008 የተከፈተው ሙዚየም በባሕሩ ዳር ይገኛል። በአምስት አዳራሾች 500 ያህል ዕቃዎች ይታያሉ፤ አዳራሾቹ የተደረደሩት የተሉን ንብርብሮች በሚያሳይ ረጅም ግድግዳ ዙሪያ በመሆኑ፣ ጎብኚው የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ በስንተኛው ንብርብር እንደ ሆነ ያያል። ማኅተሞቹ፣ መመዘኛዎቹና የእባብ ሳህኖቹ የሚታዩት እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ በሜዳ ያለው ድንጋይ ሁሉ ትርጉም ያገኛል።

በሜዳው ላይ ከሚታዩት ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የተሉ መካከል ነው፤ የካሣውያን መጋዘንና «የኡፔሪ ቤተ መንግሥት» ግድግዳዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፣ አንዳንዱም ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። በምሽጉ ውስጥ ደግሞ የቆዩ ክፍሎችና የውኃ ጉድጓድ አሉ። ከግንቡ ላይ በአንድ በኩል የቴምር ዛፍ፣ በሌላ በኩል ጥልቀት የሌለው ባሕር፣ ከኋላ የማናማ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ይታያሉ።

በተሉ ላይ ጥላ የለም። በበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚበልጥ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በሌላ ጊዜ የሚሄድ ሰው ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢሄድ ይሻለዋል። ውኃ መያዝና ጠንካራ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ባልታደሱ ግድግዳዎች ላይ መውጣት ድንጋዩን ያላላል፤ መሬት ላይ የሚታየው የሸክላ ስባሪም ከቦታው ከተነሣ ስለ ንብርብሩ የሚሰጠው መረጃ ይጠፋል።

ጥበቃ

ስፍራው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በደቡብ አፍሪካ ደርባን በተካሄደው 29ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ነው። ለምዝገባው መሠረት ከሆኑት ነጥቦች ዋናው፣ በአንድ ቦታ የመኖሪያ፣ የንግድ፣ የእምነትና የጦር ሕንፃዎች ለአራት ሺህ ዓመታት ያህል ተከታትለው መገኘታቸው ነው። የድልሙን የመቃብር ጉብታዎች ደግሞ ራሳቸውን ችለው በ2019 ተመዝግበዋል፤ በምዝገባው የተካተቱት 11,774 ናቸው። ግሎብንና ቢቢን የሳበው እንቆቅልሽና መልሱ ዛሬ በአንድ መዝገብ ላይ አሉ ማለት ነው።

የስፍራው ትልቁ ስጋት የሚመጣው ከባሕሩ በኩል ነው። ባሕሬን ትንሽ አገር ስለሆነች ለአሥርተ ዓመታት ባሕር በአሸዋ እየሞላች መሬት አስፍታለች፤ የሰሜኑ ጠረፍም በብዛት ከተለወጡት አንዱ ነው። የወደብ ከተማ ግን ያለ ባሕሩ አይገባም። ከጠረፉ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በውኃው ውስጥ ለመርከበኞች ምልክት የነበረ የጥንት ግንብ ቅሪት አለ፤ ከእርሱም ወደ ከተማው የሚያደርሰው የመርከብ መግቢያ ቦይ በኮራሉ መካከል ያልፋል። በመጀመሪያው ምዝገባ እነዚህ አልተካተቱም ነበር። በ2008 የቅርሱ ወሰን እንዲሰፋ ተደርጎ ግንቡና ቦዩ ገብተዋል፤ ከምሽጉ ወደ ባሕር ያለው እይታም በሕንፃ እንዳይዘጋ ክልከላ ተደርጓል።

በየብስ በኩል የማናማ ዳርቻዎች ወደ ስፍራው ተጠግተዋል። ምንጮቹ ከነዳጅ ዘመን ወዲህ ውኃው በብዛት ስለ ተሳበ ደርቀዋል ወይም ጨዋማ ሆነዋል፤ በተሉ ዙሪያ የቀሩት የቴምር እርሻዎችም በዚህ ተጎድተዋል። ያልተቆፈረው ሦስት አራተኛ የሚሆነው የተሉ ክፍል እስካሁን በቦታው አለ። ተመራማሪዎች ሆን ብለው ብዙውን ክፍል ሳይነኩ ይተዉታል፤ ቁፋሮ አንድን ንብርብር ለማንበብ ከላዩ ያለውን ማንሣት ስለሚጠይቅ፣ አንዴ የተነሣ ደግሞ ተመልሶ አይነበብም።